በአፍንጫ ላይ ወይስ በዓይን ላይ?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከመካከላችሁ መነጽር የሚያደርግ ሰው ካለ የምናገረውን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳኛል። ዝናብ ጣል ሲያደርግ ዓለም ሁሉ በነጠብጣብ ይሸፈናል፤ ትኩስ ሻይ ወደ አፍ ሲቀርብ መስተዋቱ በእንፋሎት ይጋረዳል፤ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ የአንዱ ተሳፋሪ ክርን ገጨት ካደረገው ደግሞ አንደኛው እጀታ ይላላና ቀኑን ሙሉ በአፍንጫ ላይ ሲንሸራተት ይውላል። ባለ መነጽር ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ በመጀመሪያ የሚፈልገው ልብሱን ወይም ጫማውን ሳይሆን መነጽሩን ነው፤ መነጽሩን ለማግኘትም መነጽር ያስፈልገዋል።

እኔ ይህን ዕቃ በአፍንጫዬ ላይ መሸከም ከጀመርሁ 12 ዓመት አልፎኛል። የዓይኔ ቁጥር ሲቀነስ 3.50 ነው። ይህም ማለት ያለ መነጽር አጥርቼ የማየው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የቆመው ሰው ዘመድ ይሁን አበዳሪ አይለይልኝም። ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መነጽሩን ጥሎ በዓይን ላይ የሚቀመጠውን ኮንታክት ሌንስ አድርጎ በመጣ ጊዜ በቅናት ዓይን ተመለከትሁት፤ እኔም ልሞክረው ቆረጥሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ ሙከራ ያገኘሁትን ነው፤ ትርፉንም ኪሳራውንም።

አስቀድሜ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በዓይናችን ፊት ያለው፣ ብርሃን የሚገባበት ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ብርሃኑ ከእርሱና ከውስጠኛው የተፈጥሮ ሌንስ አልፎ በዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና በሚባለው መጋረጃ ላይ በትክክል ሲያርፍ አጥርተን እናያለን። የዓይናችን ኳስ ጥቂት የረዘመ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑ መጋረጃው ዘንድ ሳይደርስ ይሰበሰብና የሩቁ ነገር ይደበዝዛል፤ ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ በተለይ የቅርቡ ነገር ያስቸግራል። መነጽርም ሆነ ኮንታክት ሌንስ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ብርሃኑ በስፍራው እንዲያርፍ መንገዱን አስቀድመው ያቃኑለታል። ልዩነታቸው መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ መቀመጡ፣ ሌንሱ ግን በእንባ ላይ ተንሳፍፎ በዓይኑ በራሱ ላይ መቀመጡ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ማለት የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ ደስታውም ጣጣውም ሁሉ የሚመጣው ከዚያች ጠባብ ክፍተት ነው።

በዕድሜ ረገድ ከተመለከትናቸው መነጽር ሽማግሌ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጀመረው በጣሊያን አገር በ1280ዎቹ ገደማ ሲሆን፣ በ1306 ጆርዳኖ የተባለ የፒሳ መነኩሴ በፍሎረንስ ከተማ ሲሰብክ ጥበቡ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላው ለምእመናኑ ነግሯቸዋል። በ1352 ደግሞ ቶማሶ ዳ ሞዴና የተባለ ሠዓሊ በትሬቪዞ በሚገኝ ገዳም ግድግዳ ላይ አንድ ካርዲናል መነጽር አድርጎ ሲጽፍ ሥሎታል። የሚያስቀው ነገር እኒህ ካርዲናል የሞቱት በ1263፣ ማለት መነጽር ከመታወቁ በፊት መሆኑ ነው። ሠዓሊው ግን የተማረ ሰው ያለ መነጽር አልታየውም።

ኮንታክት ሌንስ ግን የትናንት ልጅ ነው፤ አስተዳደጉም በመከራ የተሞላ ነው። በ1888 አዶልፍ ፊክ የተባለ በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ ይሠራ የነበረ የዓይን ሐኪም ከመስተዋት የተነፋ፣ የዓይንን ነጩን ክፍል ጭምር የሚሸፍን ትልቅ ሌንስ ሠርቶ በመጀመሪያ በጥንቸሎች ዓይን ላይ፣ ቀጥሎም በገዛ ዓይኑ ላይ ሞከረው። በሚቀጥለው ዓመት አውጉስት ሙለር የተባለ በጀርመን አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ለመመረቂያው ስለዚሁ ነገር ጻፈ። የእርሱ ዓይን ቁጥር ሲቀነስ 14 ያህል ነበር፤ ስለዚህ ሥራው ለዲግሪ ብቻ ሳይሆን ለራሱም ነበር። ዳሩ ግን ዓይኑን በኮኬይን እያደነዘዘ እንኳ መስተዋቱን ሊታገሠው የቻለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ሆነ። ከዚያም በ1948 በአሜሪካ ኬቪን ቱኦሂ የተባለ ባለሙያ ኮርኒያን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ጠንካራ የፕላስቲክ ሌንስ አወጣ። ይህ ብዙ ሰው የተጠቀመበት ቢሆንም ለመልመድ ሳምንታት የሚፈጅ፣ አቧራ ከሥሩ የገባ እንደ ሆነም እንደ መርፌ የሚወጋ ነበር።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ለስላሳው ሌንስ የተገኘበት ታሪክ ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ኦቶ ቪክተርሌ የተባለው የቼኮስሎቫኪያ የኬሚስትሪ ሊቅ ውሃ የሚመጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ከጓደኛው ከድራሆስላቭ ሊም ጋር ፈጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ ነገር ሌንስ ለመሥራት ያደረገው ጥረት ስላልተሳካ የመንግሥቱ ድጋፍ ተቋረጠበት። ሰውዬው ተስፋ አልቆረጠም። በ1961 የገና በዓል ሰሞን በፕራግ ከተማ በቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ሜርኩር በሚባል የብረት መገጣጠሚያና በቢስክሌት ዲናሞ አንዲት ማሽን ሠራ። ማሽኒቱ በምትሽከረከር ትንሽ ቅርጽ ውስጥ ፈሳሹን እየወረወረች ሌንስ ታወጣለች፤ በዚያም በዓል የመጀመሪያዎቹ 4 ሌንሶች ተገኙ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ለስላሳው ሌንስ በአሜሪካ መንግሥት ተፈቅዶ ለገበያ ዋለ። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሆይ፤ ቤተ ሙከራችን ዕቃ የለውም ብላችሁ ስታማርሩ እኒህን ሰው አስቧቸው።

አሁን ወደ እኔ ዓይን ልመለስ። ሐኪሟ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ነበሩ። የዓይኔን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የኮርኒያዬን ጉብታ፣ የእንባዬን መጠንና የዓይኔን ቆብ ገልብጠው ጭምር መረመሩ። ከዚያም፤

«ልጄ፤ ጥፍርህን ቁረጥ፤ ሌንሱን ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉኝ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ ሌንሱን በጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ አስቀምጦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን መቆሙን ማየት፤ ጠርዙ ወደ ውጭ እንደ ሰፌድ ከተዘረጋ ተገልብጧል ማለት ነው። ከዚያ በሌላው እጅ የላይኛውን የዓይን ቆብ ከነሽፋሽፍቱ ወደ ላይ፣ በዚያው በሌንሱ እጅ መካከለኛ ጣት የታችኛውን ወደ ታች ይዞ፣ ቀጥ ብሎ መስተዋት እያዩ ሌንሱን ማሳረፍ። ሁልጊዜም ከአንድ ዓይን፣ ለምሳሌ ከቀኙ መጀመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የግራው ወደ ቀኙ ይሄድና ቀኑ ይበላሻል።

በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ዓይን ወደ እርሱ የሚመጣን ጣት አይወድም፤ ሳያማክረን ይዘጋል። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ሌንስ ለማስገባት 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ መሬት ወደቀ፣ አንድ ጊዜ ሽፋሽፍቴ ላይ ተንጠለጠለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ገብቷል ብዬ ስደሰት ጣቴ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። እናቴ በዚያ ሰሞን ሊጠይቁኝ መጥተው ነበርና በሩ ላይ ቆመው ካዩኝ በኋላ፤ «ምነው ልጄ፤ ለገዛ ዓይንህ ምን ጠላት ሆንህበት?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሐኪሟ ያዘዙልኝ በመጀመሪያው ቀን ለ4 ሰዓት ብቻ እንዳደርገውና በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት እንድጨምር ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጣቴም ዓይኔም ተስማሙ። እናንተ ባለ መነጽሮች፤ ያንን ሳምንት እንዴት ልግለጽላችሁ! የመነጽር ፍሬም አጥር ሆኖ ይከልለኝ የነበረው ጎንና ጎን ተከፈተ፤ ዝናብ ዝናብ ብቻ ሆነ፤ ሻይም ሻይ ብቻ ሆነ። ቮሊቦል ስጫወት ኳሱን እንጂ የመነጽሬን ዋጋ አላስብም። ይሁን እንጂ ጣቴ ለረጅም ጊዜ የሌለውን መነጽር ከአፍንጫዬ ላይ ወደ ላይ ለመግፋት ሲነሣ ተማሪዎቼ እያዩ ይስቁ ነበር። የጠመኔ ብናኝ ደግሞ የአስተማሪ ዕዳ ነው፤ ሰሌዳ ያጠፋሁ እንደ ሆነ ዓይኔን እያርገበገብሁ ክፍሉን ለማየት ትንሽ መቆም ነበረብኝ።

ጥፋቱ የመጣው በአራተኛው ወር፣ ለፋሲካ ወደ እናቴ ቤት በሄድሁ ጊዜ ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ከመሸ በኋላ ደረስን። ሻንጣዬን ብከፍት የሌንሱን ማጠቢያ ፈሳሽ ረስቼዋለሁ፤ መነጽሬንም «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብዬ በትዕቢት ቤት ትቼዋለሁ። የቧንቧውም ውሃ ጠፍቶ ነበር። ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል ብዬ ሌንሱን ሳላወጣ ተኛሁ። ሲነጋ ዓይኔ ደርቆ ስላገኘሁት ሌንሱን አውጥቼ በጀሪካን ውሃ አለቅልቄ መለስሁት፤ በዓሉንም ዶሮ ወጥ እየበላሁ ዋልሁ፤ ማታም እንደዚያው ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን በግራ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ መሰለኝ፤ እንባዬ አይቆምም፣ ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ብርሃን ማየት አልቻልሁም፤ እናቴ በነጠላቸው ፊቴን ሸፍነው ወደ አውቶቡስ ወሰዱኝ።

ሐኪሟ ቢጫ ቀለም ያለው ጠብታ አድርገው በሰማያዊ ብርሃን ከተመለከቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የዚያ ዝምታ ርዝመት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። በኮርኒያዬ ላይ፣ ከመካከሉ ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ቁስል ጀምሯል። በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እናቴ አብረውኝ መጥተው ስለ ነበር እየቀሰቀሱ ያንጠባጥቡልኝ ነበር። ቁስሉ ዳነ። ጠባሳው ትንሽ ስለ ሆነና ከዳር ስላረፈ ማየቴን አልነካውም፤ መካከል ላይ ቢሆን ኖሮ ግን መነጽርም ሌንስም የማይመልሱት ጉዳት ይሆን ነበር። ሐኪሟ አንዴ ብቻ ነው የተቆጡኝ፤ «ወንፊት ይዘህ ውሃ ልትቀዳ አልሄድህም፤ ዓይንህን ይዘህ ነው» አሉኝ።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ኮርኒያ ጥርት ብሎ ብርሃን እንዲያሳልፍ ተብሎ የደም ሥር አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንባው በኩል ከአየር ነው። ስንተኛ ቆባችን ስለሚዘጋ ይህ ምግቡ ይቀንሳል፤ በላዩ ላይ ሌንስ ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ታፈነ ሰው ይሆናል፤ ቆዳው ይዳከምና ተሕዋስያን በቀላሉ ይገቡበታል። ከሌንስ ጋር መተኛት ኮርኒያ የመመረዙን ዕድል ከ6 እስከ 8 እጥፍ ከፍ እንደሚያደርገው በጥናት ተረጋግጧል። ከ1999 ጀምሮ የወጡት የሲልከን ሌንሶች ኦክስጅን በብዛት ስለሚያሳልፉ መታፈኑን አቃልለዋል፤ ምርዘቱን ግን አላስቀሩትም። ውሃውስ? ለመጠጥ የማይጎዳ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ እንኳ አካንታሚባ የተባለች በዓይን የማትታይ ፍጥረት ሊኖርባት ይችላል። በሆድ ውስጥ ምንም አታደርግ፤ በሌንስና በኮርኒያ መካከል ከገባች ግን ለወራት የሚታከም፣ አንዳንዴም የሚያሳውር በሽታ ታመጣለች። ሌንስን በምራቅ አርሶ መመለስማ፣ አንዳንድ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁና፣ ይህን እያወቁ ማድረግ ድፍረት ነው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። መነጽር ስንፍናን ይቅር ይላል። ሳታጥቡት ብትውሉ የሚደበዝዘው መስተዋቱ ነው፤ አድርጋችሁት ብትተኙ የሚሰበረው ፍሬሙ ነው፤ ቅጣቱ ከኪስ አያልፍም። ሌንስ ግን ይቅር አይልም፤ በእጃችሁ ላይ ያለውን ቸልተኝነት ሁሉ ወስዶ በዓይናችሁ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ «የቱ ያምርብኛል?» ከማለት በፊት «ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃ ለእጄ፣ ፈሳሽ ለሌንሴ፣ ማታም ደክሞኝ ሳለ 5 ደቂቃ አለኝ ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይሻላል። በተከራየው ክፍል ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣለት ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መልሱ ቀላል አይደለም። በወር የሚገዛው ፈሳሽም ከደመወዙ ላይ የሚነሣ መሆኑን ማስላት አለበት፤ ፈሳሹ ሲያልቅ እየቆጠቡ ያደረውን መልሶ መጠቀም የጥፋት መጀመሪያ ነውና።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ሌንስን ለመኮነን አይደለም። ኮርኒያው እንደ ሾጣጣ ቆብ እየወጣ ለሚሄድበት ሰው (ሐኪሞች ኬራቶኮነስ ይሉታል) መነጽር ብዙም አይረዳውም፤ ጠንካራው ሌንስ ግን ወጣ ገባ በሆነው ኮርኒያ ላይ ለስላሳ ገጽ ሆኖ ጥርት ያለ እይታ ይሰጠዋል። የሁለት ዓይኖቹ ቁጥር እጅግ የተራራቀበት ሰውም በመነጽር አንዱን ነገር በሁለት መጠን ሲያይ ራሱ ይዞርበታል፤ ሌንሱ ግን ያስታርቅለታል። በአንጻሩ ትራኮማ የዓይን ቆቡን ያቆሰለበት፣ ዓይኑ የሚደርቅበት ወይም አቧራ በሚቦንበት ሥራ የሚውል ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ባይነካው መልካም ነው። ገበያ ላይ ያየሁት አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል፤ ለሠርግና ለፎቶግራፍ ሲባል ዓይንን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያደርገው ባለ ቀለም ሌንስ እንደ ሊፕስቲክ ያለ ምርመራ ይገዛል፤ ጓደኛሞችም ይዋዋሱታል። የሌላ ሰው ሌንስ ማድረግ የሌላውን ሰው ተሕዋስያን በዓይን መቀበል ነው። የመነጽር ማዘዣ ይዞ ሌንስ መግዛትም ስሕተት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያች 12 ሚሊ ሜትር ስለምትለውጠው የሁለቱ ቁጥር አንድ አይሆንም፤ የጉብታውም ልክ መለካት አለበት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንደ አስተማሪ ልቤን የሚነካው ሌላ ነገር ነው። በአገራችን በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት እይታቸው ደካማ ከሆነው ሰዎች መካከል 33.4 በመቶ የሚሆኑት ችግራቸው መነጽር ብቻ የሚያቃናው ነበር። እኛ የመነጽርና የሌንስ ምርጫ ላይ ስንከራከር ብዙ ሰው አንዱንም አላገኘም ማለት ነው። ከእነዚህ አንዷ በእኔ ክፍል ከኋላ ትቀመጥ የነበረች ተማሪ ናት። ከሰሌዳ ላይ ስትገለብጥ ቁጥሮቹ ይሳሳታሉ፤ 8 ቱን 3 ታደርገዋለች። ሰነፍ መስላኝ ነበር፤ በኋላ ግን ዓይኗን አጥብባ ስታይ አየኋትና ወላጆቿ እንዲያስመረምሯት ላክሁባቸው። መነጽር ታዘዘላት፤ ነገር ግን ከቦርሳዋ አታወጣውም።

«ምነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቲቸር፤ አራት ዓይና ይሉኛል» አለችኝ፤ ቀጥላም፤ «እርስዎ ያደርጉት የነበረውን ሌንስ የት ነው የሚሸጡት?»

ምን ልበላት? የራሴን ዓይን ታሪክ ነገርኋት፤ ቀዩን ዓይን፣ ጀሪካኑን፣ የእናቴን ነጠላ ሳልሸሽግ። ከዚያም ስለ ስድቡ ጠየቅኋት። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን፣ አራቱንም ጉባኤ አጠናቅቆ የተረጐመ መምህር «አራት ዓይና» ተብሎ እንደሚጠራና ይህን ስም የሚያገኘው ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ እንደ ሆነ ታውቅ እንደ ሆነ። አላወቀችም ነበር። ፈገግ አለች፤ መነጽሩን ግን በዚያ ቀንም አላወጣችውም። ልጅ በአንድ ቀን ምክር አይለወጥም፤ እኔም በ24 ዓመቴ በሐኪም ምክር አልተለወጥሁም ነበርና አልፈረድሁባትም።

እኔ ዛሬ መነጽሬን አደርጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቮሊቦል ስጫወት ብቻ፣ አንድ ቀን ተደርጎ የሚጣለውን ሌንስ እጠቀማለሁ፤ ማታ አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ የሚታጠብ ነገር ስለሌለ የሚረሳ ፈሳሽም የለም። ዋጋው ስለሚከብድ ለየቀኑ አልሞክረውም። ለጉዞ ስነሣ በሻንጣዬ ውስጥ በመጀመሪያ የሚገባው የመነጽሬ ሣጥን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ከኋላ መቀመጫ ድምፅ መጣ፤

«ቲቸር፤ ቀኑ ተሳስቷል። ዛሬ ኀሙስ ነው።»

ዞር ብዬ መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ሰሌዳውን ተመለከትሁ። በእርግጥም በስተ ግራ ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል የጻፍሁት ረቡዕ ነበር።